ተንቀሳቅሷል፤ ይጣል?

ሰው ቤት በእንግድነት የገባ ሰው ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ እስኪፈላ ድረስ ሥራ ፈትቶ እንዲቀመጥ አይፈቀድለትም። ከብፌው መሳቢያ ሽፋኑ የተላጠ አልበም ይወጣና ጭኑ ላይ ይደረግለታል። አልበም ማየት ደግሞ ደንብ አለው። "ይቺ ደግሞ ማናት?" ማለት ግዴታ ነው፤ ማን እንደሆነች ቢታወቅም። የቤቱ እመቤት የኮረዳነት ፎቶ ላይ ሲደረስ "አንቺ እኮ ምንም አልተለወጥሽም" ይባላል፤ ውሸት መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፣ ሁለቱም ደስ ይላቸዋል። ፎቶው ተነቅሎ ሙጫው ብቻ የቀረበት ባዶ ቦታ ካጋጠመ ግን አይጠየቅም። ጉሮሮን ጠረግ፣ ገጹን ገለጥ ነው።

በዚህ ሁሉ ደንብ ውስጥ ጨርሶ የማይባል ነገር አለ፦ "ይሄ ፎቶ ጥሩ አይደለም" አይባልም። በባለሙያ ዓይን ቢታይ ግን የአልበሙ እኩሌታ ለመጣያ ቅርጫት የታጨ ነው። አንዱ ላይ የልደቱ ባለቤት ሻማውን እፍ ሲል ፊቱ ተንቀሳቅሶ የቱ አፍንጫ የቱ ጉንጭ እንደሆነ አይለይም። ሌላው ላይ ቤተሰቡ በሙሉ፣ ሕፃኗ ሳትቀር፣ በፍላሹ ምክንያት ዓይኑ ፍም ሆኗል። ቀጥሎ ያለው ላይ አንድ ትልቅ ሮዝ ነገር የፎቶውን ሲሶ ሸፍኖታል፤ የአንሺው ጣት ነው። ባትሪው ከተቀየረ በኋላ ቀኑ ያልተስተካከለለት ካሜራ ደግሞ ጃንሜዳ የወረደውን ታቦት በብርቱካንማ ቁጥር ለፈረንጅ አዲስ ዓመት ሰጥቶታል።

እነዚህ ፎቶዎች ጥበብ ሊባሉ ይችላሉ ወይ? ጥያቄው የሥራ ፈት ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን ትልልቅ ሙዚየሞችም ተጠምደውበታል። ዋሽንግተን የሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ጋለሪ በ2007 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ከ1888 እስከ 1978 ድረስ ተራ አሜሪካውያን ያነሷቸውን፣ የአብዛኞቹ አንሺ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ፎቶዎች በክብር ሰቅሎ አሳይቷል። እኛም ዘንድ "ቪንቴጅ አዲስ አበባ" በሚል ስም ከየቤተሰቡ አልበም የተለቀሙ የድሮ ፎቶዎች መጽሐፍ ሆነው ታትመዋል። እንግዲህ የማያውቁትን ሰው ዘመድ ቡና ሳይፈላ ማየት ተችሏል ማለት ነው።

የአሜሪካኖቹ መነሻ 1888 የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጆርጅ ኢስትማን ኮዳክ የተባለውን ካሜራ ለገበያ ያወጣው ያኔ ነው። ካሜራው መቶ ፎቶ የሚይዝ ፊልም ውስጡ ገብቶለት ይሸጥ ነበር፤ መቶው ሲያልቅ ባለቤቱ ካሜራውን እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይልካል፣ እነሱ አጥበው፣ አትመው፣ ሌላ ፊልም ከተው ይመልሱለታል። በ1900 ደግሞ ብራውኒ የተባለች በአንድ ዶላር የምትሸጥ የሣጥን ካሜራ መጣችና ልጆች ሳይቀሩ አንሺ ሆኑ። ከዚያ በፊት ፎቶ ለማበላሸት እንኳ ኬሚስትሪ ማወቅ ያስፈልግ ነበር።

ይህን ጉዳይ ሳነሳባቸው ደማቸው የሚፈላ ሰው አሉ፤ የሰፈራችን ፎቶ ቤት ባለቤት። ዛሬ ፎቶ ቤቱ የሚኖረው በጉርድ ፎቶ፣ በፎቶ ኮፒና መታወቂያ በፕላስቲክ በማሸግ ነው፤ ጥግ ላይ ግን ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ አሁንም ተጠቅልሎ ቆሟል። በፊልም ዘመን ጋሼ የሰፈሩ የመጀመሪያ ሃያሲ ነበሩ። ሰው ባለ 36 ፊልሙን ገናን፣ ጥምቀትንና ፋሲካን አነባብሮ ከጨረሰ በኋላ ሊያሳጥብ ያመጣላቸዋል። ሕትመቱ የሚከፈለው በፍሬ ስለነበር ጋሼ የታጠበውን ፊልም ወደ መብራቱ አንስተው አንድ በአንድ ይፈርዱበት ነበር፦ "ይሄ ተቃጥሏል። ይሄ ተንቀሳቅሷል። ይሄ ምንድን ነው? ... ጣትህ ነው። ይሄኛው ይወጣል።" ፍርዱ ይግባኝ አልነበረውም። ስንቱ ዘመድ አዝማድ በሳቸው እስክሪብቶ ከታሪክ እንደተሰረዘ እግዜር ይወቀው።

"ስማ ልጄ" ይሉኛል፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ "ልብስ ሰፊ እጅጌህን ብብትህ ላይ ቢዘጋብህ ጥበብ ነው ብለህ ለብሰህ ትወጣለህ? ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። እኔ ጨለማ ክፍል ውስጥ በቀይ አምፖል ዓይኔን የጨረስኩት የሰው ፊት ጥርት ብሎ እንዲወጣ ነው። አሁን መጥተህ ያልወጣውን ነው ጥበብ የምትለኝ?"

ጋሼ እውነት አላቸው፤ ብዙ እውነት። ችሎታን መናቅ ደስ የሚለው ችሎታ የሌለውን ሰው ነው። ይሁን እንጂ እሳቸው ሲናገሩ እኔ ሁልጊዜ አንዲት እንግሊዛዊት ወይዘሮ ድቅን ይሉብኛል።

ወይዘሮ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ይባላሉ። ዋይት ደሴት ላይ፣ ፍሬሽወተር በምትባል መንደር ይኖሩ ነበር። በ1863 መጨረሻ፣ በ48 ዓመታቸው፣ ልጃቸውና አማቻቸው ብቸኝነት እንዳያጠቃቸው ብለው ካሜራ ሰጧቸው። ስለ ፎቶ ምንም አያውቁም። የዶሮ ቤቱን አስለቅቀው ማንሻ ክፍል፣ የከሰል ቤቱን ጨለማ ክፍል አደረጉት። የመጀመሪያውን ሥራቸውን ገና እርጥቡ መስታወት ላይ እያለ በእጃቸው ዳብሰው አጠፉት። ያኔ ፎቶ የሚነሳው እንዲህ ነበር፤ መስታወት ላይ የሚጣበቅ ፈሳሽ ይደፋል፣ ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ ይገባል፣ ሳይደርቅ ይወጣል፣ ሳይደርቅ ይታጠባል። እጅ ይጠቁራል፣ የጠረጴዛ ልብስ ይበላሻል፣ ባል ይታገሣል። የሚነሳው ሰው አንዳንዴ ለደቂቃዎች ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት፤ ስለዚህም ይነቃነቃል። የወይዘሮዋ ፎቶዎች ላይ ያልታየ ጥፋት የለም፦ የጣት አሻራ፣ አቧራ፣ ጭረት፣ የተሰነጠቀ መስታወት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፎከስ። ጥርት ያለ ነገር ብዙ ጊዜ የለም።

የዘመኑ የፎቶ ማኅበርና መጽሔቶች እንደ ጋሼ ያሉ ሰዎች የሚመሯቸው ነበሩና አልማሯቸውም። ሴትየዋ ካሜራ አያያዝ ይማሩ ተባለ። እሳቸው ግን ሌንሱን ሲያዞሩ ለዓይናቸው ያማረበት ቦታ ላይ ሲደርስ እዚያው ያቆሙት ነበር፤ ሌሎቹ ጥርት እስኪል ድረስ ማዞራቸውን ይቀጥላሉ። ልዩነቱ ይኸው ነው። ለወዳጃቸው ለታላቁ የከዋክብት ተመራማሪ ለጆን ኸርሽል በጻፉት ደብዳቤም ትክክለኛው ፎከስ የቱ እንደሆነ የሚወስነው ማን ነው ብለው ጠይቀዋል። ጋሼ ይህን ስነግራቸው "እኔ ነኛ!" አሉኝ።

የኛን ሰው ከዚህች ወይዘሮ ጋር የሚያገናኘው ነገር ግን ፎከስ አይደለም። በ1868 መቅደላ ወደቀ፤ አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ፤ የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ጉዞ ጀመረ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ አረፉበት። አማርኛ የሚያውቀው፣ እኛ ባሻ ፈለቀ የምንለው ሻምበል ስፒዲ ጠባቂው ሆኖ እንግሊዝ ይዞት ገባ። ንግሥት ቪክቶሪያ በጋውን የሚያሳልፉት እዚያው ዋይት ደሴት ላይ ነበርና ልጁም ወደዚያው ተወሰደ። በዚያ በጋ ወይዘሮ ካሜሮን ካሜራ ፊት ከተቀመጡት አንዱ ቻርለስ ዳርዊን ነው፣ ለእረፍት መጥቶ። ሌላው ልዑል ዓለማየሁ ነው፣ ለእረፍት ሳይመጣ።

ልጁን ሌሎች ባለሙያዎችም አንስተውታል፤ ጥርት ባለ ፎቶ፣ የልብሱ እጥፋትና የአንገቱ ጌጥ ሳይቀር የሚቆጠርበት። እነዚያን ሳይ ዓይኔ ወደ ልብሱ ይሄዳል፤ ምን አለበሱት፣ ማን አለበሰው እላለሁ። የወይዘሮዋን ሳይ ግን ዳር ዳሩ ደብዝዞ የሚቀረኝ ፊቱ ብቻ ነው። ፈገግታ የለውም። ሀገሩን፣ አባቱን፣ እናቱን በወራት ውስጥ ያጣ ሕፃን አንድ የማያውቃት ሴትዮ "እንዳትነቃነቅ" ብላው ተቀምጧል፤ ከሚያሳዝነው ነገር አንዱ ደግሞ ትእዛዝ መፈጸሙ ነው። (የወይዘሮዋን ፎቶዎች ቀድሞ የገዛው፣ በዚያው 1868 ማንሻ ክፍል የሰጣቸውም የሎንዶኑ የሳውዝ ኬንሲንግተን ሙዚየም ነው። ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት ይባላል። ከመቅደላ የሄደው የወርቅ ዘውድም እዚያው ይገኛል። ለፎቶዎቹ ከፍሏል።)

ጀማሪዋ ወይዘሮ ቢያንስ የሚያደርጉትን ፈልገው አድርገውታል ይባል። የዣክ አንሪ ላርቲግ ጉዳይ ግን ይብሳል፤ እሱ አልፈለገውም። ላርቲግ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚዘልና የሚሮጥ ነገር ሁሉ ሲያሳድድ የኖረ የፈረንሳይ ባለጸጋ ልጅ ነው። በ1910ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ የእሽቅድምድም መኪና ስታልፍበት ካሜራውን አብሮ እያዞረ አነሳት። የካሜራው መዝጊያ የሚከፈተው በአንዴ አልነበረም፤ ቀጭን ስንጥቅ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው እየሄደ ነው ብርሃን የሚያስገባው። ስንጥቁ እስኪጨርስ መኪናዋ ተንቀሳቅሳለች፣ ካሜራውም ዞሯል። ስለዚህ የመኪናዋ ጎማ ሞላላ ሆኖ ወደፊት ተንጋደደ፤ ዳር የቆሙት ተመልካቾች ወደኋላ ተንጋደዱ፤ መኪናዋም ሙሉ በሙሉ አልገባችም። ላርቲግ ተበላሸ ብሎ ወደ ጎን ጣለው። ኒውዮርክ ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1963 የላርቲግን ፎቶዎች ሲያሳይ ጎረምሳው ሰባ ዓመት ሊሞላው ነበር። ያ የተጣለ ፎቶ ዛሬ ስለ ፍጥነት ሲወራ መጀመሪያ ከሚጠሩት አንዱ ነው።

ከዚህ ተነስቼ አንድ መለኪያ አወጣሁ፤ ለጋሼም ነገርኳቸው። የፎቶው ጉድለት ቢታረም ፎቶው ይሻሻላል ወይስ ይጎዳል? ከተሻሻለ ጉድለቱ ጉድለት ነው፣ ጋሼ ልክ ናቸው፣ ይጣል። ከተጎዳ ግን ጉድለቱ ሥራ እየሠራ ነበር ማለት ነው። የላርቲግን ጎማ ክብ አድርጉት፤ የቆመች መኪና ትሆናለች። ሮበርት ካፓ በ1944 ኖርማንዲ ዳርቻ ላይ ጥይት እየዘነበ ያነሳውን አጥሩት፤ ሰውዬው ተረጋግቶ ቆሞ ነበር እንዴ ያሰኛል። ማን አነሳው፣ አስቦበት ነው ወይስ እጁ ተንቀጥቅጦ የሚለው ለኔ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። ጥበቡ ቁልፉ ሲጫን ብቻ አይደለም የሚገባው፤ አንድ ሰው ፎቶውን አይቶ "ቆይ፣ ይሄን አትጣሉት" ሲልም ይገባል።

ይህ ለኛ አዲስ ትምህርት መሆን አልነበረበትም። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ "ይሄ ሥዕል የርቀትና የቅርበት ሕግ ይጎድለዋል" ያለ ምእመን የለም። የቀድሞ ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን ሁለት ዓይን አድርገው ፊት ለፊት፣ ኃጥኡን ባንድ ዓይን በጎን ሲስሉ ኖረዋል። ኃጥኡ አንድ ዓይኑ የት ሄደ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሥራውን ስለሚያውቅ።

ጋሼ መለኪያውን አስበውበት "እሺ፣ የአጎትህንስ በዚህ ለካልኝ" አሉኝ።

አጎቴ ሌኒንግራድ ተምረው ሲመለሱ ስሜና የምትባል ትንሽ ጥቁር ካሜራ ይዘው መጡ። ስሜና ፎከስ አታሳይም፤ ሰውዬው ስንት ሜትር ላይ እንደቆመ በዓይን ገምቶ ቀለበቱን ማዞር ነው። አጎቴ በሕይወታቸው ርቀትን በትክክል ገምተው አያውቁም፤ መኪና ሲያቆሙም እንደዚሁ ናቸው። ሁለተኛ፣ የምታይበት ቀዳዳና ፎቶውን የሚያነሳው ሌንስ የተለያዩ ናቸው። ቀዳዳው ከላይ፣ ሌንሱ ከታች። ራቅ ካሉ ልዩነቱ አይታወቅም፤ ቀረብ ካሉ ግን ሌንሱ የሚያየው ዓይን ካየው ዝቅ ይላል። በዚህም ምክንያት አጎቴ ጠጋ ብለው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ "ሳቁ!" ብለው ያነሱት ዘመድ ሁሉ ከአንገቱ በላይ የለም። ከረባት አለ፤ ሐብል አለ፤ ጡት የሚጠባ ሕፃን አለ፤ የሳቀው ክፍል ግን የለም። በሁለት ጣት ከፍ ማድረግ በቂ ነበር፤ ያንን የነገራቸው ሁሉ ተቀያየማቸው።

በመለኪያዬ መሠረት ነገሩ ግልጽ ነበር። ራስ ቢጨመርባቸው እነዚህ ፎቶዎች ይሻሻላሉ። ስለዚህ ጥበብ አይደሉም። ጋሼ ረኩ፤ ቡና ጋበዙኝ።

አጎቴ ግን ያላሰቡት ደጋፊ ከቪየና መጣላቸው። ስሜናን ይሠራ የነበረው የሌኒንግራዱ ሎሞ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው በኋላ ያወጣትን ኤልሲ-ኤ የምትባል ታናሽ እህቷን በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቪየና ተማሪዎች ፕራግ ላይ አግኝተው አበዱላት፤ ጠርዙ የሚጨልመውን፣ ቀለሙ የሚንቦገቦገውን ፎቶዋን ወደዱና በ1992 ማኅበር አቋቋሙ። ሳያስቡ፣ ከወገብ ላይ፣ በቀዳዳው ሳያዩ ማንሳት ደንብ ሆነ። የእህቴ ልጅ ይህን ከስልኩ ላይ ሲያነብላቸው አጎቴ "ይኸው!" ብለው ተነሡ። ለዓመታት ሲሰደቡበት የኖሩት ነገር አውሮፓ ላይ እንቅስቃሴ ሆኖ ኖሯል።

የእህቴ ልጅ ራሱ ሌላ ጉድ ነው። በሺህ የሚቆጠር ብር የወጣበት ስልክ አለው፤ ጥርት ያለ ፎቶ ያነሳል። ካነሳ በኋላ ሌላ አፕ ከፍቶ ያበላሸዋል። ያልነበረ አቧራ ይነሰንስበታል፣ ያልገባ ብርሃን ጥጉ ላይ ያፈስበታል፣ ያልተጨማደደውን ወረቀት ያጨማድደዋል፣ በመጨረሻም በብርቱካንማ ቁጥር እሱ ያልተወለደበትን ዓመት ይጽፍበታል። ለዚህም በወር ይከፍላል። አባቱ ፊልም እንዳይቃጠልበት ካሜራውን በጋቢ ጠቅልሎ ያስቀምጥ የነበረ ሰው ነው፤ አጠገቡ ተቀምጦ ያየዋል፣ ምንም አይልም። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ለዚህ ነው። በመለኪያዬም አያልፍም፤ የተነሰነሰውን አቧራ ጥረጉት፣ ፎቶው ያው የማኪያቶ ፎቶ ነው።

ይልቅ የሚያሳስበኝ ተቃራኒው ነው። ስልኮቹ እንኳን አቧራ ሊጨምሩ፣ ስህተት የምንሠራበትን ቀዳዳ ሁሉ እየደፈኑ ነው። እጅ ቢንቀጠቀጥ ያረጋሉ፣ ቢጨልም ያበራሉ፣ ከኋላ ያለፈውን መንገደኛ ያጠፋሉ። ጉግል በ2023 ባወጣው ስልኩ በተከታታይ ከተነሱ ፎቶዎች የእያንዳንዱን ሰው የተሻለ ፊት መርጦ አንድ ላይ መግጠም ይቻላል፤ በአንዲት ቅጽበት ሁሉም ስቋል፣ ያቺ ቅጽበት ግን አልነበረችም። በዚያው ዓመት አንድ ጠርጣራ ሰው ሆን ብሎ ያደበዘዘውን የጨረቃ ምስል ስክሪን ላይ አድርጎ በሳምሰንግ ስልክ ቢያነሳው፣ ስልኩ ምስሉ ላይ የሌለውን የጨረቃ ገጽታ ጨምሮ ጥርት አድርጎ አወጣለት። ጨረቃ ምን እንደምትመስል ያውቃላ! ዓይኑን ያላመነ እንግዳ ይመስል ከሚያየው ይልቅ የሚያውቀውን ያወራል።

ይህ ነገር ቤታችን የገባው በአያቴ ፎቶ ነው። ማን እንዳነሳው አይታወቅም፤ ቁመቱን ስናየው ልጅ ሳይሆን አይቀርም። ፎከሱ ያረፈው ጀበናዋ ላይ ነው። የጀበናዋ አፍ ላይ ያለችው ስንጥቅ፣ የክዳኗ ጭራሮ፣ እጀታዋ ላይ የታሰረው ጨርቅ ሳይቀር ይቆጠራል። አያቴ ከኋላ ናት፤ ደብዝዛ፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ፣ ራሷን ወደኋላ ጥላ እየሳቀች። ተንቀሳቅሳለች ብቻ አይባልም፤ ሁለት ቦታ ናት። ሌሎቹ ፎቶዎቿ ሁሉ ፎቶ ቤት የተነሱ ናቸው፦ እጆቿ ጉልበቷ ላይ፣ አፏ ግጥም፣ ትንፋሿ የተያዘ። ሲነሱ መሳቅ ነውር ነው ብላ የምታምን ሴት ነበረች። በሳቋ ሰፈር የሚያውቃት ሴት ስትሆን፣ ያ ሳቅ የተያዘው እዚህ የተበላሸ ፎቶ ላይ ብቻ ነው። ጋሼ ያኔ ፊልሙን አይተው "ጀበና ነው፣ ይለፍ" ብለውት እንደነበር እናቴ ትምላለች። እሳቸው አያስታውሱም።

የእህቴ ልጅ አንድ ፋሲካ ላይ "ላስተካክልላችሁ" አለና ፎቶውን ለአንዱ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሰጠው። ቡና ሳይደገም መለሰለት። አያቴ ጥርት አለች። ከፊት የጎደለው ጥርሷ ገብቶላታል፤ እንዲያውም ትርፍ ጥርስ ሳይኖራት አይቀርም። ቆዳዋ ተወልውሏል። አንገቷ ላይ የነበረውን ንቅሳት ቆሻሻ መስሎት ጠርጎታል። ጀበናዋ በምን ምክንያት እንደሆነ ሳይታወቅ ሁለተኛ አፍ አውጥታለች። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ የአያቴ ታናሽ እህት ጋ ደረሰ። እሜቴ ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው፣ መልሰው አቅርበው፣ ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ "ቆንጆ ናት። በማን በኩል ነው የምትዛመደን?" አሉ።

እኔ ድል አደረግኩ። መለኪያዬ እዚያው ሰው ፊት ተፈተነ፤ ጉድለቱ ታረመ፣ ሴትየዋ ጠፋች። ይህንንም ለተሰበሰበው ዘመድ ሳስረዳ፣ ጉድለት የሚሠራ ከሆነ ጥበብ ነው፣ ካልሠራ ግን ይጣላል እያልኩ ስደሰኩር፣ አጎቴ ጸጥ ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና ቤታቸው ደርሰው መጡ። የጫማ ሣጥን ይዘዋል። ከውስጡ አንድ የሠርግ ፎቶ አወጡ። ሙሽራዋ ስለምታጥር ቬሎዋም ፊቷም በደንብ ገብተዋል። ሙሽራው ረጅም ነበርና ሱፉ፣ ከረባቱና ደረቱ ላይ ያለችው አበባ አሉ፤ ከዚያ በላይ ሰማይ ነው።

"ይቺን ታውቃታለህ?" አሉኝ።

አውቃታለሁ፤ ሁላችንም እናውቃታለን። ትዳሩ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ሌላ ባል አግብታ ወልዳ ከብዳለች። ከዚያ ሠርግ የተነሱት ሌሎች ፎቶዎች ሁሉ ተነቃቅለው ሙጫቸው ብቻ እንደቀረ አልበሟን ያየ ያውቃል።

"ይሄ የኔው ግን" አሉ አጎቴ፣ "በትልቁ ታትሞ ሳሎኗ ውስጥ ተሰቅሏል። ቬሎዋን ስለምትወደው። ያሁኑ ባሏም በቁመት ይስተካከላል፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ 'ምነው ያንተን ራስ ቆረጡት' እያለ ይስቃል፣ እሱም አብሮ ይስቃል። አሁን አንተ ንገረኝ፤ ይሄን ፎቶ ራስ ብጨምርበት ይሻሻላል ወይስ ይጎዳል?"

ከመለኪያዬ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። በማግስቱ አጎቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ፎቶውን ይዘን ወደ ጋሼ ፎቶ ቤት ሄድን። ጋሼ መነጽራቸውን አጠለቁ፤ ፎቶውን በልማድ ወደ መብራቱ አነሱት። ሙሽራዋን አዩ፤ ሰማዩን አዩ፤ አጎቴን አዩ።

"ከረባቱ ላይ" አሉ በመጨረሻ፣ በጣም እየከበዳቸው፣ "ፎከስ አለው።"